ማስታወሻ የምትለዋ ዓምድ

ቱሉ ዲምቱ፣ ብሎክ አርባ አንድ፣ ከምድር ቤቱ፣
ጎሚስታው በስተግራ፣ ወፍጮው ከፊቱ፣
የቁጠባ ማኅበራችን ቢሮ ማለት
አንድ ክፍል ነው፣ የፎቁ ሰው ቧንቧ የሚያንጠባጥብበት።
አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ እኔ፤
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የጠበቅኋት በዓይኔ
አንድ ፋይል ነበረች፤ ስሟም «አባላት የመጨረሻ»፣
ቀጥሎ «የመጨረሻ ሁለት»፣ ኋላም «የእውነት የመጨረሻ»።

አባላቱ በዝተው ስምንት መቶ ሲያልፉ፣
ማክሰኞ ማክሰኞ እስከ ጎሚስታው ሲሰለፉ፣
ቦርዱ ሁለት ሰው ጨመረ፦ ሊበንና መፍቱሃ፤
ወንበሩ ሦስት ሆነ፣ ጉድጓዱ ግን የአንድ ሰው ውሃ።
አንዷ ስትጽፍ ሌላው በፍላሽ ገልብጦ ይሄዳል፤
ማታ ስናስተያየው የሊበን ሰኞ የኔን ሰኞ በልቶታል።

ከዚያ ናሆም መጣ፣ ገመድ በትከሻው ጠቅልሎ፣
ጫማውን ጭቃ ውጦት፣ «ከአደባባዩ በእግሬ ነው» ብሎ።
ሻዩን እንኳ ሳይነካ፣ «ፋይሏን እንሰንጥቃት፤
ሰንጠረዡ ከኋላ ይሁን፣ ፊቷን ለየብቻ እንስጣት፤
ጓዳው አንድ ነው፣ የማይጠፋ ማሽን ላይ፤
በሩ ግን ለየሰዉ» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።
«የማይጠፋ?» ስለው መብራት ኃይል ሰማን፤
ድርግም አለ ክፍሉ፤ ወፍጮውም ተኛ፤ በጨለማ ሳቅን።

ሲመለስ ስም ማጥራት ያዝን።
ኃይሉ ገርቢ፣ ሀይሉ ገርቢ፣ ሐይሉ ገርቢ፤
ለማሽኑ ሦስት ሰው ነው፤ አንዱ ተበዳሪ፣ ሁለቱ ቆጣቢ።
ለእኔ ግን አንድ ነው፤ ያ የጎሚስታው ባለቤት፣
ጎማ ሲነፋ ጉንጩም አብሮ የሚነፋበት።
ራሱም ስሙን እንደ ቀኑ ነው የሚጽፈው።
ቁጥር ሰጠነው፤ መቶ አራት። ሳልነግረው።
ጳጉሜን ስድስት የገባች አንዲት ሴት ነበረች፤
«እንዲህ ያለ ቀን የለም» ተብላ ከደጅ ቀረች፤
ናሆም ራሱን እያከከ እስኪያስገባት መሸ።

ቀጠለ፦ ማን ያያል? ማን ይጽፋል? ማንስ ይሰርዛል?
«መሰረዝ ለማንም» አልኩ። «ላንቺስ?» አለ። ጥያቄ ይከብዳል።

ከዚያ ወደ ጫፉ ሄደ፣ ወደ መጨረሻዋ ዓምድ፤
ጣቱ ቆመች፤ የኔም ፊት መሰለ ዐመድ።
«ማስታወሻ» ትላለች። «ይቺስ ለሦስታችሁም ትታይ?»

ለሰው አሳይቼ አላውቅም፤ የጻፍኩት ለራሴ ነው፣ በግል፦
«የምትቆጥበው ባሏ ሳያውቅ ነው፤ ወደ ቤቷ አይደወል።»
«የካቲት አይጠየቅ፤ ልጁን የቀበረበት ወር ነው።»
«ሲዋሽ ጆሮውን ይነካል፤ ግን ይከፍላል፤ ልታገሠው።»
«መፈረም አትችልም፤ ታፍራለች፤ የጣት ቀለሙ ሳትጠይቅ ይቅረብ።»
«ይህችን ሴትዮ አልወዳትም»፤ እሱን ቶሎ ሰረዝኩት፣ ሳይነበብ።

ናሆም ወደ ውጭ ወጣ፤ ሲጋራ አያጨስም፣ ግን ወጣ።
ብቻዬን ተቀመጥኩ፤ ዝናቡም መጣ።
ልደብቀው ብል፣ ከኔ ጋር ይቀበራል፤
ለሁሉ ልተወው ብል፣ ነገ ወፍጮ ቤት ይፈጫል።
ካዝና ሦስት ቁልፍ ቢኖረው አይገርምም፤
የርኅራኄን ይለፍ ቃል ግን ስንት ፊደል እንደሆነ አላውቅም።

የባሏን ነገር አጠፋሁ፤ «በሥራ ስልኳ ብቻ» አልኩ።
የጆሮውን፣ ሳቅ አለኝና ተውኩ።
የካቲትን አልነካሁም።

ሐሙስ ሦስታችንም ከፈትን፣ ሁላችን በየቤቱ፤
መቶ አራት ላይ ተጋጨን፤ ማሽኑም አለ በትዕግሥቱ፦
«ይህን ሰው ሌላ ተጠቃሚ ይዞታል፤ ይጠብቁ።»
ከባንኮኒው ማዶ ኃይሉ «ማን ነው የያዘኝ?» ሲል ሰዎች ሳቁ።

ወር አልፎ፣ ስድስት መቶ ሁለትን ስከፍት ለክፍያ፣
ከኔ መስመር በታች የሌላ ሰው ቃል አየሁ እዚያ፦
«ጉልበቷን አሟታል፤ በዚህ ጭቃ እንዳትመጣ፤
ቅዳሜ ደረሰኟን ይዤ እኔው ቤቷ ልውጣ። መፍቱሃ»

አንድ ቃል ልጨምር ስል ማሽኑ አቆመኝ።
ሊበን ይዞታል። እየጻፈ ነው። ጠብቂ አለኝ።